በጅማ የደረሰ ግጭት፦ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አባቴን ጥፋተኛ አድርጓቸዋል፤ በምን መንገድ መቃወም ይቻላል?

የቆጪዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልን። ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ አባቴ በአሮጌ ኮሮላቸው ከአጋሮ አቅጣጫ ወደ ጅማ ሲመለሱ፣ ወደ ዘመዳችን ቤት በሚያስገባው የኮረኮንች መንገድ አፍ ላይ ደርሰው ወደ ግራ በመታጠፍ ላይ እንዳሉ፣ ከኋላ ይመጣ የነበረ ቡና የጫነ አይሱዙ ደርቦ ለማለፍ ወደ ግራ ወጥቶ የሾፌሩን በር መታው። የግራ ክንዳቸው ስለተሰበረ የአካባቢው ሰው በባጃጅ አድርጎ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወሰዳቸው። በዚህ ምክንያት ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሲያነሣ በቦታው ቆመው ሁኔታውን ያስረዱት የአይሱዙው ሾፌርና ረዳቱ ብቻ ናቸው። እኔ ስደርስ ፕላኑ ተነሥቶ አልቋል፤ መኪናው ግን ገና ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፣ የግራ ፍሬቻውም ብልጭ ድርግም እያለ ነበር። ይህንን በስልኬ ቀርጬዋለሁ።

ሪፖርቱ ሲወጣ «የኮሮላው አሽከርካሪ ምልክት ሳያሳይና ከኋላው የሚመጣውን ሳያረጋግጥ በድንገት ወደ ግራ በመታጠፉ» አደጋው እንደደረሰ ይገልጻል። በፕላኑ ላይ የግጭቱ ነጥብ ከመሐል መስመሩ በስተቀኝ ተመልክቷል። እኔ ባነሣሁት ፎቶ ግን የመስታወቱ ስብርባሪና ከፓራፋንጎው ሥር የረገፈው ቀይ ጭቃ የሚታየው ከመስመሩ በስተግራ፣ በኮረኮንቹ አፍ ላይ ነው። አባቴ እስካሁን ቃላቸውን አልሰጡም፤ የጠየቃቸውም ሰው የለም።

መኪናችን ያላት የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ስለሆነ የራሳችንን ጉዳት የሚሸፍንልን የለም። የአይሱዙው መድን ሰጪ ደግሞ ሪፖርቱን አይቶ ደንበኛው ጥፋተኛ ስላልሆነ እንደማይከፍል ነግሮናል። ይህ ሪፖርት የመጨረሻ ነው? አቤቱታ የሚቀርበውስ ለማን ነው? አባቴ ዘመናቸውን ሁሉ በጥንቃቄ ያሽከረከሩ ሰው ናቸው፤ ከክንዳቸው ስብራት ይልቅ «ምልክት ሳያሳይ» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሥቷቸዋል።

ጡረተኛው ፕላን አንሺ

ልጄ፣ በመጀመሪያ አባትሽን ፈጣሪ ይማራቸው። ለዓመታት የአደጋ ፕላን ሳነሣ የኖርሁ ሰው ነኝና በዚያ በኩል የማውቀውን ልንገርሽ።

እንዲህ ያለ ሪፖርት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይይዛል። አንደኛው የታየና የተለካ ነገር ነው፦ የመንገዱ ስፋት፣ የተሽከርካሪዎቹ አቋቋም፣ የፍሬን ምልክቱ የተጀመረበትና ያበቃበት ቦታ፣ የስብርባሪው አወዳደቅ። ሁለተኛው መርማሪው ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበት አስተያየት ነው። ብዙ ሰው «እኔ ጥፋተኛ አይደለሁም» ብሎ አስተያየቱን ብቻ ሲቃወም አያለሁ፤ እንዲህ ያለው አቤቱታ ሩቅ አይሄድም። የግጭቱ ነጥብ በተሳሳተ ቦታ መመልከቱን በፎቶ የሚያሳይ አቤቱታ ግን አስተያየቱ የቆመበትን መሠረት ስለሚነካ ኃላፊው በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ዛሬውኑ የምመለከተው የአይሱዙውን ጉዳት ነው። አይሱዙው ጎናቸው ከደረሰ በኋላ አባትሽ በድንገት ታጥፈውበት ቢሆን ኖሮ፣ በእርሱ ላይ የሚታየው ከጋቢናው በር ጀምሮ በቀኝ ጎኑ ወደ ኋላ የተጎተተ ጭረት፣ በኮሮላው ላይ ደግሞ የፊት ግራ ማዕዘኑ መድቀቅ ይሆን ነበር። ኮሮላው አስቀድሞ መስመሩን ተሻግሮ ከነበረ ግን የሚደቀው የአይሱዙው የፊት ቀኝ ማዕዘን ነው፤ የኮሮላውም በር ፊት ለፊት እንደተገፋ ሆኖ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አንቺ የጻፍሽው የሾፌሩ በር እንደተመታ ስለሆነ ነገሩ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ሆኖም የአይሱዙው አካል ሳይታይ ይህ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ስለዚህ ጋራዥ ገብቶ ከመቀጥቀጡና ቀለም ከመቀባቱ በፊት ከፊትም ከጎንም፣ ታርጋው እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡት። በቦታው ያለው የመሐል መስመር የተቆራረጠ ይሁን ያልተቆራረጠ እርሱንም አብራችሁ አንሡ፤ ያልተቆራረጠ ከሆነ አይሱዙው እዚያ ላይ ደርቦ ማለፍ አልነበረበትም። የፍሬን ምልክት ካለ ግን ነገ አትበሉ፤ የጅማ ዝናብ አያቆየውም።

የፍሬቻው ቪዲዮ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። «ከግጭቱ በኋላ የበራ ነው» የሚል ክርክር እንደሚነሣበት አትጠራጠሪ። ከመታጠፋቸው በፊት ፍሬቻውን ያየ አንድ የባጃጅ ሾፌር ወይም በመንገዱ ዳር የሚነግድ ሰው ቢገኝ ቪዲዮው ክብደት ያገኛል።

አቤቱታውን ፕላኑን ላነሣው ባልደረባ ሳይሆን ለትራፊክ ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቡ። የቢሮው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ይጻፍ፤ በእናንተ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይም የገቢ ማኅተም አስመቱበት። ጥያቄያችሁ ሁለት ይሁን፦ የአባትሽ ቃል እንዲወሰድ፣ እንዲሁም ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ቦታው ድጋሚ እንዲታይ። አንደኛው አሽከርካሪ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቃሉ ሳይሰማ ምርመራው መደምደሙ፣ በእኔ እምነት፣ የዚህ ሪፖርት ትልቁ ክፍተት ነው። መርማሪውን በመክሰስ ወይም በማማት ግን አትጀምሩ፤ ጉዳዩን ከልኬቱ ወደ ሰውየው ያዞረዋል።

ጠበቃ ከፈረንጅ አራዳ

እህቴ፣ ጋሼ በጻፉት ላይ ሕጉን ልጨምርልዎት።

የፖሊስ ሪፖርት ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ክርክር ጊዜ ሪፖርቱን ያዘጋጀው ባልደረባ በምስክርነት ተጠርቶ እንዲጠየቅ ማመልከት፣ በሌላ ማስረጃም ማስተባበል ይቻላል። ከሁሉ በላይ እንዲያስተውሉት የምፈልገው ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 ነው። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሕጉ የሚነሣው ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ አድርገዋል ከሚል ግምት ሲሆን፣ በአደጋው የደረሰውም ጠቅላላ ጉዳት እኩል ይከፈላል። ይህ ግምት የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ አባትዎን ብቸኛ ጥፋተኛ ማድረጉን ማናጋት ከቻሉ፣ የአይሱዙውን ሾፌር ሙሉ ጥፋተኝነት ማስረዳት ቢያቅትዎ እንኳ የጠቅላላው ጉዳት ግማሽ በአይሱዙው ወገን ላይ ይወድቃል። ብዙ ቤተሰብ ይህንን ባለማወቁ «ወይ ሁሉንም ወይ ምንም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

የአካል ጉዳት ስላለ ጉዳዩ የወንጀል ገጽታም አለው። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 ያስጠይቃል፤ መዝገቡ የሚቀርብለት ዐቃቤ ሕግም በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 38 መሠረት ፖሊስ ተጨማሪ ምርመራ እንዲያደርግ ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ ማኅተም የተመታበትን የአቤቱታውን ቅጂ ለዐቃቤ ሕግ ቢሮም ያስገቡ፤ የሕክምና ማስረጃውም ከመዝገቡ ጋር መያያዙን ያረጋግጡ። የአይሱዙው ሾፌር በወንጀል ባይከሰስ ወይም ተከሶ በነጻ ቢለቀቅ እንኳ የካሣው በር አይዘጋም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 በወንጀል ነጻ መባል የካሣውን ፍርድ ቤት እንደማያስገድደው ይደነግጋል።

መድን ሰጪው «አንከፍልም» ማለቱ የአንድ ተከራካሪ ወገን አቋም ነው። ምላሹን በጽሑፍ ይጠይቁ። ለአባትዎ መድን ሰጪም አደጋውን አሁኑኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሪፖርት መነሻነት የአይሱዙው ባለቤት በበኩሉ ካሣ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የካሣ ክስ በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)፤ አቤቱታው ምላሽ እስኪያገኝ እያላችሁ ይህ ጊዜ እንዳያልፍባችሁ። የጠበቃ ወጪ ከከበዳችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት አለው።

የአጂፕ ሰፈር ነዋሪ

አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የባለመኪናው ወገን ሽማግሌ ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ መልካም ባህል ነው፣ አክብራችሁ ተቀበሏቸው። ነገር ግን በስምምነት ወረቀቱ ላይ «ጥፋቱ የእኛ ነው» ወይም «ወደፊት ምንም ጥያቄ አናነሣም» የሚል ዐረፍተ ነገር ገብቶ እንደሆነ ሳታነቡ፣ የክንዱ ሕክምናም ሳያልቅ አትፈርሙ። የአጥንት ስብራት ወጪ የሚታወቀው ጀሶው ሲወልቅ ነው።

የቆጪዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ አባቴም መልሶቻችሁን ሳነብላቸው ትንሽ ተጽናንተዋል። አይሱዙው ገና ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ስለቆመ ጠዋት ሄደን ፎቶ አንሥተናል፤ የደቀቀው የፊት ቀኝ ማዕዘኑ ነው፣ በጎኑ ላይ ጭረት የለም። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ከመታጠፊያው ፊት ለፊት ያለ የቡና መጋዘን በሩ ላይ ካሜራ አለው፤ ባለቤቱ ግን የፖሊስ ደብዳቤ ካላመጣችሁ ቅጂውን አልሰጥም ብለውናል። ምን እናድርግ?

ጡረተኛው ፕላን አንሺ

ልጄ፣ ሰውየው ትክክል ናቸው፤ በፖሊስ ደብዳቤ የወጣ ቅጂ ለእናንተም ይሻላል። የሚያሳስበኝ እንዲህ ያሉ ካሜራዎች ማስቀመጫቸው ሲሞላ የቆየውን እያጠፉ በላዩ ላይ መቅዳታቸው ነው። ስለዚህ ደብዳቤው እስኪወጣ ድረስ ያንን ምሽት ብቻ ለይተው እንዲያስቀምጡላችሁ ዛሬውኑ ለምኗቸው። በካሜራው ላይ የሚታየው ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት ጋር ይለያይ እንደሆነም አይታችሁ ልዩነቱን መዝግቡ፤ ካልተመዘገበ በኋላ «የሌላ ሰዓት ነው» ሊባል ይችላል። በአቤቱታችሁም ላይ ሦስተኛ ጥያቄ አድርጋችሁ፣ ክፍሉ ለመጋዘኑ ደብዳቤ እንዲጽፍ ከመጋዘኑ አድራሻና ከምትፈልጉት ሰዓት ጋር ግለጹ።