የአባቴ ሴበር፦ የቱን ሞዴል ልግዛ?

የዴንቨሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በወጣትነቱ ደብረ ዘይት፣ የዛሬው ቢሾፍቱ፣ አየር ኃይል ውስጥ መካኒክ ነበር። አሁን ሰማንያውን አልፏል። ቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶው አለ። ቱታውን ለብሶ ከአንድ ጄት ክንፍ ፊት ቁጢጥ ብሏል። ምን አውሮፕላን እንደሆነ ስንጠይቀው መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ "ሴበር ነዋ!"

ለገና አዲስ አበባ ስሄድ የዚህን አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴል ገጣጥሜ ላስደንቀው አሰብኩ። በቅናሽ አንድ ሳጥን አገኘሁና ገዛሁ። "ኤፍ-86ዲ ሴበር" ይላል። ትናንት አካሉን አጣብቄ ስልኬ ላይ ካለው የፎቶው ቅጂ ጋር ሳስተያየው ክው አልኩ። የፎቶው አውሮፕላን አፍንጫው እንደተከፈተ ክብ አፍ ነው። የኔው ግን አፉ ወደ ታች ወርዶ ከላዩ ጥቁር ኳስ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። ምን አጠፋሁ? ከፎቶው ጀርባ "1954" ተብሎ ተጽፏል፣ ከጠቀመ። እሱን እንዳልጠይቀው ደግሞ ነገሩ በድብቅ ነው።

ዋልያ72፦
እህቴ፣ አይዞሽ፣ ብዙ ሰው በዚህ ተሸውዷል። ዲ በስሙ ሴበር ይባል እንጂ በአካሉ ሌላ አውሮፕላን ነው ማለት ይቻላል። የተሠራው በሌሊትና በደመና ውስጥ የጠላት ቦምብ ጣይ አድኖ እንዲመታ ነው። ያ ጥቁር ኳስ ራዳሩን የሚሸፍን ነው። መትረየስ የለውም። በሱ ፋንታ ከሆዱ ሥር በሚወርድ ሳጥን ውስጥ 24 ሮኬቶች ይይዛል። በጊዜው የሬዲዮ ፊደል "ዲ" የሚጠራው "ዶግ" (ውሻ) ተብሎ ስለነበር አሜሪካኖቹ "ሴበር ዶግ" ይሉታል፣ አፍንጫውም እውነትም ውሻ ይመስላል።

ኢትዮጵያ የነበራት ኤፍ-86ኤፍ ነው። ፎቶውን ጠጋ ብለሽ እይ። ከአፉ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ቀዳዳ ካለ፣ የስድስቱ መትረየሶች ነው።

ካፒቴን አይደለሁም፦
ቆይ፣ 1954? ኢትዮጵያ ሴበር ያገኘችው በ1960 ነው። ፎቶው የሌላ አገር እንዳይሆን።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ኧረ ወንድሜ! የደብረ ዘይት መካኒክ በገዛ እጁ 1954 ብሎ ከጻፈ የኛው 1954 ነው እንጂ። በፈረንጅ ከመስከረም 1961 እስከ መስከረም 1962 ማለት ነው። ልክ ይገጥማል።

እንዲያውም ያ ዓመት ተራ ዓመት አይደለም። በኮንጎ የካታንጋ ግዛት ተገንጣዮች ፉጋ ማጂስተር በምትባል ትንሽ ጄት የተባበሩት መንግሥታትን ጦር መከራ ሲያሳዩት፣ ድርጅቱ ተዋጊ ጄት ፈለገ። ስዊድን ቱናን የተባሉትን ጄቶቿን፣ ሕንድ ካንቤራ የተባሉ ቦምብ ጣዮች፣ ኢትዮጵያ ደግሞ አራት ሴበር ላከች። አባትሽ ስለ ኮንጎ አውርተው ያውቃሉ?

የዴንቨሯ፦
"ኮንጎ የሄዱት ልጆች" ሲል ሰምቻለሁ! እሱ ግን አልሄደም። ቀዳዳዎቹም አሉ፣ በአንድ በኩል ሦስቱ በደንብ ይታያሉ። እሺ፣ ኤፍ ነው። ግን ሱቅ ውስጥ ኤ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤች፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ... ግራ ገባኝ። ይሄ ሁሉ ፊደል ለምን አስፈለገ?

መሐንዲሱ፦
ፊደሎቹ እንዲገቡሽ ከክንፉ ልጀምር። ኖርዝ አሜሪካን የተባለው ኩባንያ መጀመሪያ የነደፈው ቀጥ ያለ ክንፍ ያለው ጄት ነበር። ስሌቱ ሲሠራ አየር ኃይሉ የጠየቀው ፍጥነት ላይ አይደርስም። በ1945 ጀርመን ስትሸነፍ የምርምር ወረቀቶቿ አሜሪካኖች እጅ ገቡ። ወረቀቶቹ የሚሉት፣ ክንፉን ወደ ኋላ ብትስበው ወደ ድምፅ ፍጥነት ስትጠጋ የሚመጣው የአየር እንቅፋት ዘግይቶ ይመጣል ነው። ሰዎቹ ንድፋቸውን ቀየሩ። ክንፉ 35 ዲግሪ ወደ ኋላ ተሳበ። በጥቅምት 1 ቀን 1947 (በፈረንጅ) ጆርጅ ዌልች የመጀመሪያውን አበረረው።

ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ክንፍ ቀስ ብለሽ ስትበሪ ይከዳሻል። ስለዚህ በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ስላት የሚባል ተንሸራታች ቁራጭ ተገጠመ። ፍጥነት ሲቀንስ ማንም ሳይነካው ራሱ ወደ ፊት ይወጣል፣ ፍጥነት ሲጨምር አየሩ ገፍቶ ይመልሰዋል።

ኤ የመጀመሪያው ነው። ኢ ላይ የኋላው አግዳሚ ጭራ ሙሉ በሙሉ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ፣ በድምፅ ፍጥነት አካባቢ መሪው የሚታዘዘው በዚህ ነው። ከዚያ ኤፍ መጣ፣ ጠንከር ያለ ሞተር ይዞ። በኮሪያ ጦርነት የጠላት ወገን የሶቪየት ሥሪት ጄት ሚግ-15 ከሴበር ከፍ ብሎ ይወጣ ስለነበር፣ በላይኛው ሰማይ መታጠፍ ከባድ ሆነ። መፍትሔው ስላቱን አውጥቶ መጣልና ጠርዙን በደፈናው ማስረዘም ነበር፣ ሥሩ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ጫፉ ላይ 7 ተኩል። አብራሪዎቹ ወደዱት። ግን የማረፊያው ፍጥነት ጨመረ። ኋላ በመጡት ኤፎች ላይ የክንፉን ጫፍ አስረዝመው ስላቱን መለሱት!

ካፒቴን አይደለሁም፦
ኮሪያ ከተነሳ፣ አንድ ሴበር ሲወድቅ 10 ሚግ ወድቋል የሚለው ተረት ነው። በኋላ ቁጥሩ ብዙ ወርዷል።

ዋልያ72፦
እሱን ሌላ ቀን እንጣላበት። ልጅቷ ሞዴል ልትገዛ ነው።

የአውስትራሊያውን አትንኪ። ሞተሩ ሮልስ ሮይስ ስለሆነ አፉ ሰፋ ብሏል፣ በስድስት መትረየስ ፋንታም ሁለት ባለ 30 ሚሊ ሜትር መድፍ ነው ያለው። ኤችም ሆዱ ወፈር ያለ ነው። ሳጥኑ ላይ "ኤፍ" መኖሩን፣ ከዚያ ደግሞ ክንፉ ባለ ስላት ይሁን ደፈና አንብቢ። ፎቶው ላይ ክንፉ ምን ይመስላል? ባለ ስላቱ መሬት ላይ ሲቆም ብዙ ጊዜ ጠርዙ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታያል። ደፈናው አይንጠለጠልም፣ ላዩ ላይ ደግሞ መዳፍ የምታህል የቆመች ብረት አለችው።

የዴንቨሯ፦
ጠርዙን አባቴ ሸፍኖታል 😂 ልክ እሱ ላይ ነው ቁጢጥ ያለው።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
እንግዲያው ደውይና በወሬ መሀል ጣል አድርጊው። "አባዬ፣ የሴበር ክንፍ ቆሞ ሳለ ጠርዙ ይንጠለጠል ነበር እንዴ?" በይው። መካኒክ ይሄን አይረሳም።

መሐንዲሱ፦
ሁለቱንም ዓይነት ክንፍ በአንድ ሳጥን ያደረጉ አምራቾችም አሉ። እሱን ብታገኚ ግልግል ነው። አንድ ምክር፦ አካሉን ከማጣበቅሽ በፊት አፍንጫው ውስጥ፣ ከአየር መግቢያው ቱቦ በላይና በታች፣ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ጠቅጥቂ። አለበለዚያ በጭራው ቁጭ ይላል። እኔ የመጀመሪያዬን ረስቼ እስከ ዛሬ በክብሪት እንጨት ተደግፎ ነው የቆመው።

የዴንቨሯ፦
ሁለት ክንፍ ያለውን አገኘሁ፣ እርሳሱም ገብቷል። ውሻውን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፣ በጣም ነው የወደደው።

ትናንት ማታ ደወልኩ። ስለ ጤናው፣ ስለ ዝናቡ ካወራን በኋላ የክንፉን ጥያቄ ጣል አደረግኩ። ዝም አለ። ከዚያ "ማን ነገረሽ ስለ ስላት?" አለኝ። ጓደኛዬ ምናምን ብዬ ስዘባርቅ፣ "ሞዴል እየሠራሽ ነው አይደል?" አለና ሳቀ። ድብቁ ነገር በዚሁ አበቃ። የቱ እንደሆነ እንዲነግረኝ ብለምነው አሻፈረኝ አለ። "ሁለቱንም ይዘሽ ነይ። ክንፉን እንዳትለጥፊው፣ እሱን እኔ ነኝ የምገጥመው" ብሎኛል።