ልጄ የእጅ ጋሪ ትሬክ ሊሄድ ነው፣ እኔም ነይ ተብያለሁ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የሶልትሌኳ እናት፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ዩታ ያላችሁ ወይም ትሬክ የሄዳችሁ ካላችሁ እስቲ ምከሩኝ። ባለቤቴ የሞርሞን ቤተክርስቲያን አባል ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ተከባብረን ነው የምንኖረው እና በዚህ እንዳትመጡብኝ 😅 ልጃችን 15 ዓመቱ ነው፣ ቤተክርስቲያን ከአባቱ ጋር ነው የሚሄደው። አሁን ሰኔ ላይ ስቴካቸው (የአካባቢው አጥቢያዎች ስብስብ ማለት ነው) ወጣቶቹን በሙሉ ሰብስቦ ዋዮሚንግ ማርቲንስ ኮቭ የሚባል ቦታ ሊወስዳቸው ነው፣ እንደ ድሮዎቹ ፓዮኒየሮች (በ1800ዎቹ ወደ ዩታ የተሰደዱት ሞርሞኖች) ለብሰው የእንጨት ጋሪ በእጃቸው እየጎተቱ ሜዳ ላይ ያድራሉ፣ ስልክ የለም፣ ሻወር የለም። እኔ ነርስ ስለሆንኩ ቢሾፑ (የአጥቢያቸው መሪ) ከሜዲካል ቲሙ ጋር ብትመጪልን ብሎ ጠየቀኝ፣ አባል አለመሆኔ ችግር የለውም አለ። ባለቤቴ ትራክ ነው የሚነዳው እዛ ሳምንት መንገድ ላይ ነው።

ችግሩ ሦስት ነው። አንደኛ ልጁ «ማሚ ፕሊስ አትምጪ» ብሎኛል። ሁለተኛ የሰኔ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው፣ እነሱ ደግሞ ሜኑው ላይ ያለው ሥጋና ፓንኬክ ነው። ሦስተኛ እውነቱን ለመናገር ይሄ ነገር ምኑ ላይ እንደሆነ አልገባኝም፣ መኪና እያለ ጋሪ መጎተት ምን ይባላል?

ጋሪ ጎታቹ፦
እህቴ ሂጂ። እኔና ባለቤቴ «ማ እና ፓ» ሆነን ሄደናል፣ ማለት ስምንት አሥር የሚሆኑ ልጆች ይሰጡሻል፣ አንድ ጋሪ አላቸው፣ የነሱ እናትና አባት ትሆናላችሁ። የራስሽን ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ፋሚሊ ውስጥ ነው የሚከቱት ሆን ብለው፣ የኛንም ልጅ እራት ላይ ከሩቅ ነበር የምናየው። አንቺ ደግሞ ሜዲካል ላይ ከሆንሽ ጭራሽ ላታገኚው ትችያለሽ፣ ይሄን ንገሪውና ይረጋጋል። እግሩ ሲላጥ ግን ወደማን እንደሚመጣ እናያለን 😂

እዛ ያለው ሥራሽ አብዛኛው እግር ነው። አዲስ ጫማ ገዝቶ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም፣ እባክሽ ያንቺን ልጅ ከአሁኑ ጀምሮ በዛው ጫማ አስሮጪው፣ የሱፍ ካልሲ አስይዢው፣ እግሩ መቃጠል ሲጀምር ወዲያው ቆሞ ፕላስተር ይለጥፍ፣ ውሃ እስኪቋጥር አይጠብቅ። ሌላው ውሃ ነው። ቦታው ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው፣ አየሩ ደረቅ፣ ንፋሱ የማያባራ፣ ላባቸው ቶሎ ስለሚደርቅ ያላባቸው አይመስላቸውም ከዛ ከሰዓት ላይ ራሴን አዞረኝ ብለው ዝርግት ነው። ሴቶቹ ረጅም ቀሚስ ከነቦኔቱ (የድሮ የሴት ኮፍያ) ስለሚለብሱ እነሱን አስቀድመሽ እዪ። ትንኙንም አልነግርሽም፣ ወንዙ ዳር ስትደርሺ ታይዋለሽ። ዕቃ የሚፈቀደው አንድ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ሙሉና የመኝታ ቦርሳ ነው፣ ባልዲው ማታ ወንበር ይሆናል።

ቨርጂኒያ ነኝ፦
ይቅርታ ግን እኔ ደስ አይለኝም። ሰው በብርድና በረሃብ ያለቀበት ቦታ ሄዶ ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሳት ምን የሚሉት ነው? ያውም የኛ ልጆች፣ የነሱ ቅድመ አያቶች ናቸው እንዴ?

መዝገብ አገላባጭ፦
ቨርጂኒያ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው ግን መጀመሪያ ታሪኩን እንየው፣ ለጠያቂዋም ሦስተኛው ጥያቄዋ እዚሁ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1860 ወደ 3,000 ሰው በ10 ጓድ ተከፍሎ ጋሪ እየጎተተ ሶልት ሌክ ገብቷል፣ አብዛኛው ከእንግሊዝና ከስካንዲኔቪያ የመጣ ድሃ ነው፣ በሬና ሠረገላ መግዛት የማይችል። የመጀመሪያዎቹ ጓዶች የተነሱት ከአይዋ ሲቲ ነው፣ ወደ 2,100 ኪሎ ሜትር በእግር በለው። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጓዝ 17 ፓውንድ፣ ወደ 8 ኪሎ። ብዙዎቹ በሰላም ደርሰዋል፣ ይሄ ይረሳል። የከፋው በ1856 ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ የተነሱት የዊሊና የማርቲን ጓዶች ላይ ነው፣ ማርቲንስ ኮቭ የተባለውም በዚሁ ማርቲን ነው። ዘግይተው ደረሱ፣ ጋሪ አልተዘጋጀላቸውም፣ በችኮላ ካልደረቀ እንጨት ተሠራ፣ በረሃው ላይ እንጨቱ ሲደርቅ ጎማው ይላቀቅ ጀመር። ነብራስካ ፍሎረንስ ሲደርሱ ነሐሴ ሆኗል። እዛ ሌቫይ ሳቬጅ የሚባል ሰው ክረምቱን እዚሁ እንለፍ አሮጊትና ሕፃን ይዘን አንችለውም ብሎ ተከራከረ፣ አልሰሙትም፣ እሱም ካልቀራችሁማ አብሬያችሁ እሞታለሁ ብሎ ሄደ። ኦክቶበር 19 በረዶው ወረደ። የዊሊ ጓድ ሮኪ ሪጅ የሚባለውን ዳገት በበረዶ ከወጣ በኋላ በማግስቱ 13 ሰው በአንድ ጉድጓድ ነው የቀበሩት። ከሁለቱ ጓድ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። የቤተክርስቲያኑ መሪ ብሪገም ያንግ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ወሬውን ሰምቶ ከሶልት ሌክ ዱቄትና ብርድ ልብስ የጫነ ሠረገላ ባይልክ የቀረውም አይተርፍም ነበር።

እና እኔን የሚያናድደኝ ልብሱ አይደለም፣ ለልጆቹ እምነታቸውን ብቻ ነግረው ማን ዘግይቶ እንደላካቸው ሳይነግሯቸው ሲቀሩ ነው። እናትየዋ ከሄደች ልጇን ይሄን ትጠይቀው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ «ዊመንስ ፑል» የሚሉት አለ፣ ወንዶቹን ከጋሪው አውጥተው ሴቶቹ ብቻቸውን ዳገቱን ይጎትታሉ፣ ምክንያቱን ሲናገሩ ወንዶቹ ሞርሞን ባታሊየን (የሞርሞኖች የጦር ሻለቃ) ሄዱ ይላሉ፣ ባታሊየኑ ግን የ1846 ነው፣ ከጋሪው 10 ዓመት በፊት 😄

ትሬክ የሄድኩ ልጅ፦
ሰላም፣ አማርኛ መጻፍ ብዙ አልችልም ሶሪ። እኔ የሄድኩት 16 ዓመቴ ላይ ነው። ከመሄዳችን በፊት ሁሉም ሰው የአንድ ፓዮኒየር ስም ይዞ እንዲሄድ ካርድ ይሰጡናል፣ ጓደኞቼ ሁሉ የራሳቸውን ግራንድማ ምናምን አገኙ፣ እኔ የማላውቃት የእንግሊዝ ሴትዮ ደረሰችኝ። እናቴን ስነግራት ያንቺ አያት በ77 ከወሎ ተነስታ በእግሯ ሱዳን ገብታለች፣ ሕፃን አዝላ፣ ማታ ማታ ነበር የሚሄዱት ቀን አውሮፕላን ስለሚፈሩ አለችኝ። ከዛ በፊት ነግራኝ አታውቅም!! ካርዱ ጀርባ ላይ የአያቴን ስም ጻፍኩ በአማርኛ። የኛ ፓ አይቶ ምንድነው አለኝ ነገርኩት፣ እሱም ማታ እሳት ዳር ለሁሉም ንገሪ አለኝ፣ ነገርኳቸው። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያሉት ጋሼ፣ የኛም ነገር መግባት ይችላል።

እትዬ፣ ልጅዎ አትምጪ ያለው ጓደኞቹ ፊት «በላህ ወይ» እንዳይሉት ነው እኔ እናቴ ያንን ታደርግ ነበር ሃሃ። ያንን ካላደረጉ ደህና ነው። ማርቲንስ ኮቭ ውስጥ ጋሪ አይገባም ውጪ አቁመን በእግር ነው የገባነው፣ ማንም ሳያዘን ዝም አልን። ያ በጣም ጥሩ ነበር። ፖርታ ፖቲው (ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤቱ) ግን በጣም መጥፎ ነው 😭

የሶልትሌኳ እናት፦
ኡፍ ተባረኩ ሁላችሁም። ልጄን ዛሬ የሳቬጅን ነገር ነገርኩት፣ «ትክክል ከነበረ ለምን አብሮ ሄደ?» ብሎኝ መልስ አጣሁ። «በላህ ወይ» አልልም ቃል ገባሁለት፣ እሺ ነይ ግን ዌቭ አታድርጊልኝ አለኝ። የቀረኝ ጾሙ ነው። እስከ ሐምሌ 5 ስለማይፈታ እዛ ስጎትት ምን በልቼ ልዋል?

ጋሪ ጎታቹ፦
በሶ! ምን ጥያቄ አለው፣ የመንገድ ስንቅ አይደል እንዴ። ትንሽ ጨውና ማር ጨምረሽ በውሃ መበጥበጥ ነው፣ ለላብም ጥሩ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ያዢ፣ ባልዲው ውስጥ ለብቻው በፕላስቲክ እሰሪው አቧራው ሁሉም ቦታ ይገባል። ለማብሰያ ቡድኑም ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ስለማይጠፉ ለየት ያለ ምግብ ማዘጋጀት ለምደውታል፣ ባቄላና ድንች በዘይት አይጠፋም። ኦንላይን የሚሰጠውን የልጆች ጥበቃ ትሬኒንግም ጨርሺ፣ ከወጣቶች ጋር የሚሄድ አዋቂ ሁሉ ይወስዳል።

ቨርጂኒያ ነኝ፦
እሺ የአያቷ ነገር ነክቶኛል፣ ተሸነፍኩ። በሶው ላይ ግን ስኳር እንጂ ማር አይሆንም።