ለሀብታም ልጅ ዲግሪ ምን ይሠራለታል?

ጠያቂ፣ ከአራዳ፦
እዚህ ጎንደር ጎረቤታችን ሰሊጥ ከመተማ እያመጡ ይነግዳሉ። ሁለት አይሱዙ አላቸው። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፏል። አባት «አራት ዓመት ከሚያባክን ከአሁኑ ንግዱን ይልመድ» ይላሉ። እናት ደግሞ «ዲግሪ ሳይዝ መጋዘን አይገባም» ብለዋል። ሰፈሩም ለሁለት ተከፍሏል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሰሊጥ ነጋዴ፦
አባት ልክ ናቸው። ሰሊጥ የሚያውቅ ሰው ከጆንያው አንድ እፍኝ ይዘግናል፣ በመዳፉ አሸት አሸት ያደርገዋል፣ እፍ ይልበታል። እርጥብ ይሁን፣ ገለባና አፈር ይኑረው፣ እዚያው ይነግርሃል። ዋጋ የሚቆረጠው በዚያ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ የሚያስተምር የለም። አራት ዓመት አብሮ የዋለ ልጅ ደንበኛውን ያውቃል፣ ማን ዱቤ እንደሚከፍል ያውቃል። ዲግሪ ይዘው ሥራ ፍለጋ እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች አሉ። ያሳዝኑኛል።

የአዘዞዋ፦
ወንድሜ፣ የምታወራው ስለ አባትየው ሀብት ነው። ልጁ እስካሁን የራሱ የሚለው ነገር የለውም። እኔም የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ «ሴት ልጅ ሱቅ ብትቀመጥ ይበቃታል» ይል ነበር። እናቴ ተከራክራ አካውንቲንግ አስተማረችኝ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ቆመው ጎማቸው ተኛ። ያን ጊዜ የቤቱን አስቤዛ የገዛው የእኔ ደመወዝ ነው። አይሱዙ ሊቃጠል ይችላል፣ ዕዳ ሊበላው ይችላል። ዲግሪዬን ማን ይወስድብኛል?

ሰሊጥ ነጋዴ፦
እሱስ እውነት ነው እህቴ። ግን ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ስላገኘሽ ነው።

መምህር፣ ማራኪ፦
ሁላችሁም ስለ ዋጋው ዝም አላችሁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ተማሪው ተመርቆ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ ይመልሳል። ከማስተማሪያው ወጪ ግን ድርሻው 15 በመቶ ተብሎ ነው የተሰላው። ቀሪው ከሕዝብ ኪስ ነው። የሁለት አይሱዙ ባለቤት ልጅና የደንቢያ ገበሬ ልጅ አንድ ዓይነት ውል ይፈርማሉ። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ልጁ ይማር፣ አጥብቄ እላለሁ። የሚችል አባት ግን ሙሉውን ይክፈል።

የአዘዞዋ፦
መምህር፣ ልጁ ወንበሩን ያገኘው በውጤቱ እኮ ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ዘመን ያለፈ ልጅ ላቡን አፍስሶ ነው። አባቱ ሀብታም ስለሆነ ለምን ይቀጣል?

መምህር፣ ማራኪ፦
ወንበሩን ማን ከለከለው? የእሱ ነው። እኔ የማወራው ስለ ክፍያው ነው። ደግሞ ገንዘብ ያለው የግል ኮሌጅ ቢያስገባውም ዲግሪ አይገዛለትም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ መውጫ ፈተና አለ፤ ከግልም ይምጣ ከመንግሥት፣ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ስለዚህ ጋሼ ገንዘቡ ከንቱ ይቀራል ብለው የሚሰጉ ከሆነ፣ ልጁ ያጠናል ወይ ብለው ይጠይቁ።

ጠያቂ፣ ከአራዳ፦
ያጠናል። ሌሊት መብራቱን እናየዋለን።

ሰሊጥ ነጋዴ፦
እሽ፣ ይማር እንበል። ሰሊጥ የሚሰበሰበው ጥቅምትና ኅዳር ነው። ትምህርት የሚበረታውም ያኔ ነው። ልጁ በዚያ ሰዓት ሌላ ክልል ከተመደበ አባትየው ብቻቸውን ናቸው። ጉልበታቸውም እንደ ድሮው አይደለም።

የአዘዞዋ፦
የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞላ ጎንደርን አንደኛ ያድርግ። እዚሁ ከደረሰው ቅዳሜና እሑድ መጋዘን ይውላል። ካልደረሰው ግን ሰው ይቅጠሩ። ሁለት አይሱዙ ያለው ሰው ለአንድ ሠራተኛ ደመወዝ አያጣም። ልጅን በሠራተኛ ዋጋ አራት ዓመት ማስቀረት ነው ትልቁ ኪሳራ።

ሰሊጥ ነጋዴ፦
የታመነ ሠራተኛ ማግኘት እንዲህ ቀላል አይደለም። እሱን ካገኙ ግን አልቃወምም።

ጠያቂ፣ ከአራዳ፦
ምርጫ መሙያው ሳያልፍ ዛሬ ማታ ሄጄ ለጋሼ አነብላቸዋለሁ። የመምህርን ክፍያ ነገር ጭምር።