የክብ ሥዕሉ ሥልጠና፦ ማመልከቻውን እንጨርሰው

አስተባባሪዋ፣ ደሴ፦ ሰላም ጀመዓ። የጂኖም (የአንድ ፍጡር ሙሉ የዘር መረጃ) መረጃን በክብ ሥዕል ለማሳየት ያሰብነው ሥልጠና ማመልከቻው ገና ግማሽ ገጽ ነው። ቦታው ደሴ፣ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ብያለሁ። በምን ፕሮግራም፣ በምን መረጃ የሚለውን ዛሬ ካልቆረጥን ተረስቶ ይቀራል።

ከወልድያ፦ ሰርኮስ ነዋ፣ ክብ ሥዕል የሚስለው ፕሮግራም! እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ፕሮግራሙ የተጻፈው ጽሑፍ ከወጣ ወዲህ እኮ ሰዉ ሥዕሉን ራሱን ሰርኮስ እያለ ነው የሚጠራው።

ከኮምቦልቻ፦ ማን ጠላው ወንድሜ። ግን ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ እኔ ባለፈው የሄድኩበት ሥልጠና ላይ ደግሞ እሱን ስንጭን ነው የዋልነው። አንዱን ሞጁል (አጋዥ ክፍል) ስናወርድ ሌላው ይጎድላል፣ እሱን ስናገኝ ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ሲመጣ መብራት ጠፋ። አንዲት ክብ ሳንስል ሰርተፍኬት ይዘን ወጣን። ሰርክላይዝ ይሻላል፣ እሱም ክብ ይስላል፣ አር በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ አብዛኞቻችን አር ነካክተናል (ስሙን በአማርኛ ስታነቡት አትሳቁ)። ሁሉንም አስቀድመን በፍላሽ እንያዘው።

ጡረተኛው መምህር፣ ሐይቅ፦ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ የለሁበትም። አንድ ነገር ግን ልበል። ልጆቹ ሥዕሉን ሲያዩ ክሮሞሶሙ (ጂኖቹን የተሸከመው ክር) ራሱ ክብ ነው ብለው ይሄዳሉ። የባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው፣ የማሽላው ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ለሥዕሉ ሲባል ነው የታጠፈው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሃን ደፍተው ዙሪያውን በእርሳስ ይሳሉ፣ ዳሩን አሥር ቦታ ይክፈሉ፣ የማሽላ ክሮሞሶም አሥር ጥንድ ነውና። ከዚያ በድርቅ ጊዜ ቅጠሉን አረንጓዴ አድርገው የሚያቆዩትን ቦታዎች 2ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው ላይ ምልክት ያድርጉ። ይህ ጠባይ የታወቀበት ቢ35 የሚባለው ዝርያ መነሻው የኛው የኢትዮጵያ ማሽላ ነው፣ እሱም ይነገራቸው።

አስተባባሪዋ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉማ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ የእርሳስ ነው።

ከወልድያ፦ እሺ ተሸነፍኩ። ግን ማሽላ ብቻ ከሆነ መሃሉ ባዶ ይቀራል፣ ውበቱ ደግሞ ክቡን አቋርጠው የሚያልፉት ሪባኖች ናቸው። ጤፍ ይጨመር። ጤፍ ሁለት ጂኖም አብሮ የተሸከመ ነው፣ ኤ እና ቢ፣ ለየራሳቸው አሥር አሥር ክሮሞሶም። ኤን በግራ፣ ቢን በቀኝ አድርገን የሚመሳሰሉትን ስናገናኝ ዝምድናቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከኮምቦልቻ፦ ይሄ ተመችቶኛል። ብቻ እያንዳንዱን ጂን አናገናኝ፣ የተፈታ ሹሩባ ነው የሚሆነው። በሁለቱም ላይ ተራቸውን ጠብቀው የተደረደሩትን ጂኖች እንደ አንድ ጥቅል ወስደን አንድ ሪባን። ሌላው፣ ግማሽ ቀን ለፋይል ማጽዳት ይያዝ። ወላሂ ቀልድ አይደለም፣ አንዴ ሁለት ሌሊት የፈጀብኝ አንዱ ፋይል ላይ «01»፣ ሌላው ላይ «1» ተብሎ ስለተጻፈ ነበር። ለኔ አንድ ነው፣ ለፕሮግራሙ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ክሮሞሶሞች።

አስተባባሪዋ፦ እንዲህ ልጽፈው ነው፦ «ሠልጣኙ የማሽላን ጂኖም በእጁ፣ የጤፍን በሰርክላይዝ ስሎ እያንዳንዱ የሥዕሉ ቀለበት ምን እንደሚያሳይ ማስረዳት ይችላል።» ሰርኮስን የመጨረሻው እሁድ ከሰዓት እናሳያለን፣ አብሽር ወልድያ።

ጡረተኛው መምህር፦ በጀቱ ላይ ቡና አላየሁም። እስከ በረካ ካልተጠጣ እኔ አልመጣም።

አስተባባሪዋ፦ አለ ጋሼ፣ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ከትቼዋለሁ። ጀነሬተሩን ማን ይጠይቃል?