ሜታስታዚዮ ለምን ከቪየና አልወጣም?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኦፔራ ገጣሚው ፒዬትሮ ሜታስታዚዮ የሮም ልጅ ነው። በ1730 እ.ኤ.አ. የቪየና ቤተ መንግሥት ገጣሚ ሆኖ እስኪሞት፣ እስከ 1782፣ እዚያው ኖረ። ምን ይዞት ነው?

መልስ 1፦
ቋሚ ደመወዝ ነዋ! ግን ዋጋ አለው፤ ለንጉሠ ነገሥቱ በዓል በትእዛዝ ይጽፋል። የ1734ቱን የኦፔራ ድርሰቱን «የቲቶ ምሕረት» እዩት፣ ይቅር ባይ ገዥን ማወደሻ ነው።

መልስ 2፦
በትእዛዝ ተጻፈ ብለህ አታቃልለው! የአንድ ዘፈን ግጥሙ ብዙ ጊዜ ሁለት አጭር አንጓ ብቻ ነው፣ ዘፋኙ ሁለተኛውን ጨርሶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ነው ስሜቱን ቁልጭ የሚያደርገው። ለዚህም ነው ያንኑ ድርሰት ብዙ አቀናባሪዎች የተቀባበሉት፤ ሞዛርት ሳይቀር በ1791፣ ያውም በሌላ ገጣሚ ተከልሶ።

መልስ 3፦
ወጣቱ አቀናባሪ ሃይድንም ቪየና ውስጥ ሜታስታዚዮ በሚኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ሥር ይኖር ነበር። ሜታስታዚዮ የሚያሳድጋትን ማሪያና ማርቲነስን ሙዚቃ ያስተምራት የነበረው ሃይድን ነው።