ከፊቴ ያለው ብስክሌተኛ ለምን ወደ መሃል ይገባል? ሳላስደነግጠው እንዴት ልለፈው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪና መንዳት ከጀመርሁ 9 ዓመቴ ሲሆን እስካሁን ሰው ገጭቼ አላውቅም። ወደ ሥራ የምሄድበት መንገድ ጠባብ ነው፤ በቀኙ በኩል መኪኖች ጥግ ይዘው ይቆማሉ። በየማለዳው አንድ ብስክሌተኛ ከፊቴ አገኛለሁ፤ ጥጉን ይዞ መሄድ ሲችል ከቆሙት መኪኖች ርቆ ወደ መሃል ስለሚገባ ከኋላው እየተጎተትሁ ለመሄድ እገደዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ትዕግሥቴ አልቆ ክላክስ አደረግሁና በጎኑ ተጠግቼ አለፍሁት። የትራፊክ መብራት ላይ ደረሰብኝና ከመስኮቴ አጠገብ ቆመ። “መስታወትዎ ክርኔን ነክቶታል” ብሎኝ ሌላ ቃል ሳይጨምር ሄደ። ይህን ሲናገር መሪውን የያዘው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢሰድበኝ ኖሮ እኔም መልስ አላጣም ነበር፤ የእጁ መንቀጥቀጥ ግን እስከ ማታ ከዓይኔ አልጠፋም።

መማር የምፈልገው ይህን ነው፦ ለምን ጥግ አይዝም? ስደርበውስ ምን ያህል መራቅ አለብኝ? መንገዱ የሁለታችንም ከሆነ እኔ ከእርሱ ምን ልጠብቅ፣ እርሱስ ከእኔ?

መልስ፦ በየቀኑ ብስክሌት የሚነዳ አባል

የሆነውን ሳይሸፋፍኑ ስለጻፉት አመሰግናለሁ። ሰውየው ወደ መሃል የገባው መንገድ ሊዘጋብዎት ሳይሆን የመኪና በር ፈርቶ ነው። ጥግ ይዞ የቆመ መኪና በሩ ሲከፈት አንድ ሜትር ገደማ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ የሚከፍተው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስልኩን ወይም ቦርሳውን እያነሣ ስለሆነ ወደ ኋላ አይመለከትም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ ከ5 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በሩ ሲከፈት ያየ ሰው ፍሬን ሳይዝ በፊት በሩ ላይ ደርሷል።

እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ባለ በር ተመትቼ በግራ በኩል መንገዱ ላይ ተወርውሬያለሁ። ከወደቅሁበት ቀና ስል ከኋላዬ የነበረው መኪና ቁጥር ሰሌዳ ከፊቴ በክንድ ርቀት ላይ ነበር። ሹፌሩ ርቀቱን ጠብቆ ስለመጣ ቆመልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቆመ መኪና አጠገብ ሳልፍ በኋላው መስታወት አሻግሬ ውስጡ ሰው መኖሩን አያለሁ፤ የፊት ጎማው ወደ መንገዱ ዞሮ እንደሆነም እመለከታለሁ፤ ሁልጊዜም አንድ በር የሚያህል ክፍተት እተዋለሁ። ይህን ክፍተት ስተው ነው እንግዲህ እርስዎን የመሰለ አሽከርካሪ “መሃል ገባ” የሚለኝ።

የመንገዱ ጠርዝ ራሱም እንደሚመስለው አይደለም። አሸዋው፣ የጠርሙስ ስብርባሪው፣ የውኃ መውረጃው ፍርግርግ የሚገኘው እዚያው ነው፤ ከመኪና ውስጥ የማይታይ ጉድጓድ ቀጭን ጎማ ያለውን ሰው ይጥላል። ብሪታንያ በ2022 ባሻሻለችው የመንገድ ደንብ ብስክሌተኞች ጸጥ ባለ መንገድና መንገዱ ሲጠብብ የረድፉን መሃል እንዲይዙ ትመክራለች።

መልስ፦ አሽከርካሪዎችን የሚያሠለጥን አባል

ስለ ርቀቱ እኔ ልመልስ። በመኪናዎ ጎንና በብስክሌቱ መሪ ጫፍ መካከል ቢያንስ 1.5 ሜትር ይተዉ። በስፔን ሕጉ ይህ ነው፤ ጀርመንም ከ2020 ጀምሮ በከተማ ውስጥ 1.5፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ 2 ሜትር እንዲሆን ደንግጋለች። መለኪያው የሚነሣው ከመኪናው ጎን ሳይሆን ወደ ውጭ ከወጣው መስታወት ነው ብላችሁ አስቡ፤ የብስክሌተኛውን ክርን የነካው የእርስዎ መስታወት ነውና። ጠባብ መንገድ ላይ ይህን ያህል ርቀት ለመስጠት በአብዛኛው የግራ ጎማዎን ወደ ተቃራኒው ረድፍ ማሳለፍ ይኖርብዎታል። ከፊት መኪና እየመጣ ይህን ማድረግ ካልቻሉ መደረብም አይችሉም ማለት ነው፤ ትንሽ ጠበብ አድርጎ ማለፍ የሚባል አማራጭ የለም።

ብስክሌት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር አለመሆኑንም ያስታውሱ። ነፋስ ሲመታው፣ ጉድጓድ ሲሸሽ፣ ወይም ነጂው ዞር ብሎ ሲያይ ይወዛወዛል። ክላክሱን በተመለከተ፣ መስኮትዎን ዘግተው ሲነፉት ለእርስዎ ቀላል ድምፅ ነው፤ ከጥቂት ሜትር ርቀት ጀርባው ላይ ለሚጮኽበት ሰው ግን ሌላ ነው። የደነገጠ ሰው መሪውን ይነቀንቃል። የሞተርዎን ድምፅ ሰምቷልና ማስጠንቀቂያው ካልተፈለገ አይንፉ።

የሚባክነውን ጊዜ እናስላው። 200 ሜትር መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር 18 ሴኮንድ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ደግሞ 36 ሴኮንድ ይወስዳል። ልዩነቱ 18 ሴኮንድ ነው። መብራቱ ላይ እንደደረሰብዎት ራስዎ ጽፈዋል፤ ስለዚህ ያንን 18 ሴኮንድ እንኳ አላተረፉም።

አንድ ልማድ ልጨምር፤ መኪናዎን አቁመው ሲወርዱ በሩን በሩቁ እጅዎ ይክፈቱ። መሪው በግራ ከሆነ በቀኝ እጅ ማለት ነው። ትከሻዎ ስለሚዞር ዓይንዎ ሳያስቡት ወደ ኋላ ይሄዳል። በሆላንድ የታወቀ ልማድ ነው።

መልስ፦ ሌላ አሽከርካሪ

የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ሆኖም መከባበር ከአንድ ወገን ብቻ አይመጣም። ቀይ መብራት ጥሰው የሚያልፉ፣ በአንድ አቅጣጫ መንገድ ተቃራኒውን ይዘው የሚመጡ፣ እጃቸውን ሳያሳዩ የሚታጠፉ ብስክሌተኞች በየቀኑ አያለሁ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ በጨለማ ያለ መብራት የሚነዳው ነው። አንድ ምሽት በዝናብ ውስጥ ከፊቴ ያየሁት ሁለት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሉ ትንንሽ ብርሃኖችን ብቻ ነበር፤ የፔዳል አንጸባራቂዎች ነበሩ። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ሰውየውን አላየውም ነበር። በፊት ነጭ፣ በኋላ ቀይ መብራት ማድረግ ይህን ያህል የሚከብድ ነገር አይደለም።

መልስ፦ ብስክሌት የሚነዳው አባል

እውነትዎን ነው፤ ለዚህ የማቀርበው ማመካኛ የለኝም። ቀይ መብራት የሚጥስ ብስክሌተኛ እኔንም ያስቆጣኛል፤ አሽከርካሪው በእርሱ ላይ የያዘውን ቂም ቀጥሎ ለሚመጣው ለእኔ ነውና የሚያወርሰኝ። ከመታጠፌ በፊት ወደ ኋላ ዞሬ አያለሁ፣ ክንዴን ዘርግቼ አሳያለሁ፣ ብዙ መኪና ከኋላዬ ከተጠራቀመና ሰፋ ያለ ቦታ ካገኘሁ ጥግ ይዤ አሳልፋለሁ።

መልስ፦ የጭነት መኪና ሹፌር

ለብስክሌተኞች አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም በቀኝ ጎኔ ተሹለክልካችሁ ከጋቢናው ሥር አትቁሙ። ከፍ ብዬ ስለተቀመጥሁ እዚያ ያለውን ሰው በመስታወት አላየውም። ወደ ቀኝ ስታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማዬ የፊቱን ተከትሎ አይዞርም፤ መታጠፊያውን አቋርጦ ወደ ጥጉ ይጠጋል። ፊቴን በመስታወቴ ውስጥ ካላያችሁ እኔም አላየኋችሁም፤ ከኋላዬ ቆሙ። እኔም በበኩሌ ፍሬቻዬን ቀደም ብዬ አበራለሁ፤ ከመታጠፌ በፊትም የቀኙን መስታወት ሁለት ጊዜ አያለሁ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ጠዋት መብራቱ ላይ ተገናኘን፤ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። ተቀበለኝ። ቀጥሎ ግን ያልጠበቅሁትን ነገረኝ፤ ከመታለፍ ይልቅ የሚያስፈራው የሞተሩ ድምፅ ጀርባው ላይ ሲጣበቅ ነው። እኔ ሳልደርበው ስቀር ታግሼለታለሁ ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካ ያን ጊዜም ተጠግቼው ነው የምሄደው። ስከተለው ምን ያህል ልራቅ?

መልስ፦ አሽከርካሪዎችን የሚያሠለጥን አባል

ቢያንስ የ2 ሴኮንድ ርቀት፣ መንገዱ እርጥብ ከሆነ እጥፉን። ብስክሌቱ አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ይጀምሩ፤ ሁለት ሳይሞላ እርስዎም ምሰሶው ጋ ከደረሱ ቀርበዋል። ብስክሌት የፍሬን መብራት እንደሌለው አይርሱ፤ መቆሙን የሚያውቁት ከቆመ በኋላ ነው።