የሐይቅ ውሃ መሳቢያ ቱቦ በዜብራ መስል ሲደፈን በረኪና ይሠራል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ አሜሪካ፣ ሚኔሶታ፣ ሚኔቶንካ ሐይቅ ዳር ነው። ጓሮ የሚያጠጣው ፓምፕ ከሰኔ ወዲህ ግፊቱ ወርዷል። የመሳቢያው ወንፊት ጥፍር በሚያካክሉ፣ ቡናማና ነጭ መስመር ባላቸው ዛጎሎች ተሸፍኗል፤ ዜብራ መስል የሚባሉት፣ ዕቃ ላይ የሚጣበቁ ትንንሽ የውሃ ፍጥረታት ናቸው። ቱቦው 2 ኢንች ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ነው። በረኪና ባፈስበት ይለቃሉ? ሐይቁንስ ማጽዳት አይቻልም?

መልስ 1
በረኪናውን ይተዉት። ወደ ሐይቁ ከተመለሰ ዓሣ ይገድላል፤ ያለ ፈቃድ መጨመርም ክልክል ነው። ደግሞ አንዴ ቢያፈሱት ጥቅም የለውም፤ መስሉ በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ሲሰማው ክዳኑን ግጥም አድርጎ ለቀናት ይቆያል። የከተማ ውሃ ተቋማት የሚሳካላቸው ከመሳቢያው አፍ ጀምረው ሳያቋርጡ ስለሚጨምሩ ነው።

ፓምፑን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉና ቱቦውን ከነወንፊቱ ወደ ደረቅ መሬት ያውጡት። ወንፊቱን በፕላስቲክ መፋቂያ ይፋቁ። በቱቦው ውስጥ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ቢያንስ ለ2 ደቂቃ ያሳልፉ። ከ60 አያስበልጡ፣ ፒቪሲ ይለሰልሳል። ሙቀቱን የሚለኩት መውጫው ላይ ይሁን፤ ብዙ ሰው መግቢያው ላይ ለክቶ ይሳሳታል፣ ውሃው እስከ ጫፍ ሲደርስ በርዷል።

የሞተውም ወዲያው አይለቅም። የተጣበቀበት ክር እስኪበሰብስ ቀናት ይፈልጋል። ሳያጥቡ ፓምፑን ካስነሱ የረገፈው ዛጎል ኢምፔለሩን (ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃ የሚገፋውን ክፍል) ይይዘዋል።

መልስ 2
አንዷ ሴት መስል በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን እንቁላል ስለምትጥል ማጽዳቱ በየዓመቱ ይመለሳል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በዓይን አይታይም፣ በወንፊቱ ቀዳዳ ያልፋል። ወንፊቱን በመዳብ ይቀይሩት፤ መስል መዳብ ላይ መጣበቅ አይወድም። ውርጭ ሲገባ ቱቦውን አውጥተው ውሃውን አፍስሰው ውጭ ይተዉት፣ ብርዱ ይጨርሳቸዋል።

ነገሩን ቀላል አድርገው አይዩት። ሚሺጋን ውስጥ የሞንሮ ከተማ በታኅሣሥ 1989 መሳቢያዋ በመስልና በበረዶ ተደፍኖ ነዋሪው ውሃ አጥቷል። የጠላቂው፣ የክሎሪን መስመሩና የጥገናው ወጪ ዞሮ ዞሮ ሕዝቡ ላይ ነው የሚወድቀው።

መልስ 3
ሐይቁን ስለማጽዳት፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ሚልብሩክ የሚባለው የድንጋይ ማውጫ ኩሬ በ2006 ፖታሲየም ክሎራይድ በሚባል ጨው ከመስል ጸድቷል። እሱ ግን 5 ሄክታር ገደማ የሆነ ዝግ ኩሬ ነው፤ ሚኔቶንካን በዚያ መንገድ ማሰብ አይቻልም።

የፋቁትን በከረጢት አስረው ቆሻሻ ውስጥ ይጣሉ እንጂ ወደ ውሃው አይመልሱት። ጀልባ ካለዎት ከሐይቁ እንዳወጡት፣ ከቦታው ሳይርቁ የጀልባውን ታፖ (የውሃ ማፍሰሻ ውታፍ) ነቅለው ውሃውን ያፍስሱ፣ ሌላ ሐይቅ ከመግባትዎ በፊት 5 ቀን ያድርቁት። ዶክ (ሐይቅ ዳር የሚተከል የጀልባ ማቆሚያ መድረክ) ወይም የጀልባ ማንሻ ወደ ሌላ ሐይቅ የሚወስዱ ከሆነ ግን የሚኔሶታ ሕግ 21 ቀን ማድረቅን ይጠይቃል።